አሥራ አንዱም ደህና አድረዋል

ሰኞ 3

ዝናቡ ገባ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስደርስ ከመስኮቱ ውጪ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጉም ብቻ። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኖቹ ያንኮራፋሉ። እኔም አብሬያቸው ማንኮራፋት አማረኝ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት በወንድም ጋሼ ምክንያት ነው። ታላቄ ነው፤ ኑሮው ሌላ ከተማ ነው። ትናንት ደውሎ «ወሩ ሲያልቅ እመጣለሁ» አለኝ። «አባዬ ጠዋት ጠዋት ብቻውን የሚሆን ከሆነ ይዤው እሄዳለሁ። እዚህ ጥሩ የአረጋውያን ማረፊያ አግኝቻለሁ፤ አልጋም አስይዤለታለሁ።»

«ብቻውን አይሆንም» አልኩት።

«እስቲ እናያለን» አለ። ወንድሜ «እስቲ» ካለ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል ማለት ነው።

አባዬ አንድ ሰዓት ላይ ይነቃል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ይዛ በረንዳችን ላይ እሱን እየጠበቀች የምትቀመጠው ግን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው። በመሃል ያሉት ሁለት ሰዓታት የማንም አይደሉም። እኔ በዚያን ጊዜ እዚህ ነኝ። የውሃ አገልግሎታችን አሥራ አንድ የፓምፕ ጣቢያዎች አሉት፤ በየጣቢያው አንድ ሰርቨር ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ከዚህች ዊንዶውስ ኮምፒውተሬ ሆኜ ወደ እያንዳንዷ በየተራ እገባለሁ። አድራሻ። ስም። አሥራ ስድስት ፊደል የይለፍ ቃል። መጠበቅ። የውሃውን ከፍታ ማንበብ፣ መመዝገብ፣ መውጣት። ከዚያ ቀጣይዋ። ስጨርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ዙሩ በሃያ ደቂቃ ቢያልቅ እስከ ሦስት ሰዓት ነፃ ነኝ፤ ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አባዬ ዓይኑን ሲገልጥ እኔን ያያል። የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ 4

ዛሬ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ጨረስኩ። ስድስት ቁጥር ላይ የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ስለተሳሳትኩ ዘጋችብኝ። እንቅልፍ አልጠገብኩም።

ሐሙስ 6

አመሻሽ ላይ ገና በሩን ሳልዘጋ አባዬ እንደ ልማዱ «ሁሉም ደህና አደሩ?» አለኝ።

«አሥራ አንዱም ደህና አድረዋል፣ አባዬ።»

የትናንቱ ነገር ከእጁ እየሟለጨ የድሮው ብቻ ቀርቶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ አገልግሎቱ ማዕከል ተረኛ ነበር፤ እኔ የምቀመጥበት ክፍል የእሱ ነበረ። ያኔ ሰርቨር የለም። አንድ ጥቁር ስልክ ነበር፤ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል፤ ቁጥሩ በየጣቢያው ግድግዳ ላይ በቀለም ስለተጻፈ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። አባዬ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ይደውላል። «ደህና አደርክ?» ይላል። «ደህና አድሬያለሁ፤ ውሃውም ደህና አድሯል» ይለዋል ጠባቂው። አባዬ መዝገቡ ላይ ጭረት ያደርጋል። መጨረሻ ላይ የአሥራ አንድ ጠባቂ መልሶ «ተረኛውስ ደህና አደረ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተረኛው ስለ ራሱ ካልመለሰ መዝገቡ አይዘጋም። «ደህና አላደርኩም» ያለ ካለ ደግሞ፣ ሰው በእግሩ ሄዶ በዓይኑ ሳያየው አይዘጋም። ልጅ ሆኜ አባዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«አሁን እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?» አለኝ።

«እገባለሁ፣ አያለሁ፣ እወጣለሁ።»

«ሰላም ሳትያቸው?»

«ማሽን ናቸው እኮ።»

«ቢሆኑስ?» አለና ጀርባውን ወደ ግድግዳው ሰጠ። ቤታችን ከዘጠኝ ቁጥር ጣቢያ ሥር ነው፤ የፓምፑ ድምፅ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ በኩል ሌት ተቀን ይመጣል። ያ ድምፅ በሌለበት ሌላ ቦታ አባዬን እንቅልፍ አይወስደውም። ማረፊያ ቤት እንዴት ይተኛል? ይህን ለወንድሜ መንገር አለብኝ።

ሰኞ 10

ኖትፓድ ከፍቼ አሥራ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ለእያንዳንዷ ሰርቨር አንድ መስመር። ባች ፋይል ይባላል። ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የተጻፈለትን ይፈጽማል። ሁለቴ ጠቅ አደረግኩት። አንድ ቁጥር ተከፈተች። ጠበቅኩ። ሌላ የለም። ተናድጄ ስዘጋት ሁለት ቁጥር ተከፈተች። ሁለትን ስዘጋ ሦስት።

ለካ የመጀመሪያዋ ካልወጣች ሁለተኛዋን አይጠራም! ልክ እንደ አባዬ ስልክ። ብቻዬን ሳቅኩ። «ስታርት» የምትል አንዲት ቃል በየመስመሩ መግቢያ ላይ ስጨምር ሁሉም ባንዴ ተጋፍተው ወጡ። አሥራ አንድ ጥቁር መስኮት፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

ረቡዕ 12

ውርደት። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ፋይሉ ውስጥ በግላጭ ጽፌያቸው ነበር። አለቃችን ሳላየው ከኋላዬ ቆሟል። «በቶሎ» እንለዋለን፤ «በቶሎ በቶሎ» ሳይል አረፍተ ነገር አይጨርስም።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሥራ ማቅለያ ነው።»

«ቤትሽን ቆልፈሽ ቁልፉን በሩ ላይ ትሰቅይዋለሽ?» አለ። «በቶሎ አጥፊው።»

አጠፋሁት። በምትኩ «ቁልፍ» የሚባለውን፣ እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ምስጢራዊ ፋይል ሠራሁና ከአሥራ አንዱም ጋር አስተዋወቅኩት። ጠዋት አንዴ በረጅም ሐረግ እከፍተዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም የይለፍ ቃል አይጠይቀኝም። ይሄ መጀመሪያውኑ መሆን የነበረበት ነው። ምን እንዳስቸኮለኝ አውቃለሁ፤ ወሩ እየሄደ ነው።

ዓርብ 14

አሥራ ስምንት ደቂቃ!

ሻዬ ገና እየተነነ ሪፖርቱ ተላከ። ወንድም ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ነኝ» ስለው «ጎበዝ» አለኝ። እንዲህ ካለኝ ስንት ዓመቱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። መስኮቶቹ ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች የሚታወቀው ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ጽሑፍ ነው። ለእያንዳንዷ የየራሷን ቀለም መስጠት አለብኝ። ሰኞ።

ሰኞ 17

በአሥራ ሁለት ከሃያ ጨረስኩ። ዝናቡ ግን ይወርዳል ይወርዳል። ጃንጥላ ረስቻለሁ። በስብሼ ብሄድ አባዬን ጉንፋን አስይዘዋለሁ። ነገ።

ወንበሬ ላይ ሆኜ መስኮቶቹን ሳያቸው በየጥጋቸው ብልጭ ድርግም የምትለው ምልክት አንድ ላይ የምትተነፍስ መሰለኝ። አሥራ አንድ ቤት ተኝቶ እኔ ብቻ የነቃሁ።

ማክሰኞ 18

ጃንጥላ ነበረኝ። ግን አለቃችን ቢደውልስ? አዲስ ነገር ስለሆነ ጥቂት ቀን መከታተል ያስፈልጋል።

በአንድ ተኩል ወንድም ጋሼ ደወለ። «ቤት ነሽ?»

«አዎ።»

«ምንድነው የሚያጓራው?»

«ዘጠኝ ናት። ግድግዳው።»

የሚያጓሩት እዚህ ያሉት ማሽኖች ናቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ነገ በእርግጥ እሄዳለሁ።

ሐሙስ 20

ዛሬም ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ውሃው በቧንቧዎቹ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ እኔም ውስጡ ነበርኩ፤ እየቀዘፍኩ አይደለም፣ ዝም ብዬ። በየጣቢያው አባዬ ወጣት ሆኖ በር ላይ ቆሟል። ሳልፍ እጁን ያነሳል፤ ግን ለእኔ አይደለም፣ ለውሃው ነው። ስነቃ ሁለት ከሃምሳ።

ልብስ ሰፊዋ ማታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቁርሱን ሦስት ሰዓት ላይ እንደተከደነ ነው ያገኘሁት። ትመጫለሽ አላልሺኝም?»

«ሥራ እኮ ነው እትዬ።»

«ይሁን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለችና መቀሷን አንስታ ሄደች።

እሷ የሰርቨር ነገር የት ይገባታል። ቀለሞቹንም ገና አልቀየርኳቸውም።

ቅዳሜ 22

እረፍቴ ነው፤ ጠዋት ቤት ነበርኩ። አባዬ ነቃና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተመለከተኝ። «እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ በትሕትና። «ልጄን ቢጠሩልኝ።»

ማለዳ ማለዳ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ይቀልዳል፣ በስሜ ይጠራኛል። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም።

ለዘጠኝ አረንጓዴ። ለአራት ቀይ፣ ጥገና ስለሚጠብቃት። የሌሎቹን ሰኞ እወስናለሁ።

ሰኞ 24፣ ረፋድ

አጠፋሁ። ዘጠኝን። አባዬ ደህና ነው። ደህና ነው።

ሰኞ 24፣ አመሻሽ

በሥርዓት ልጻፈው።

ለአራት ቁጥር መካኒኮች ስለሚመጡ ፓምፗን እንዳቆም ታዝዤ ነበር። ሪፖርቱን ልኬ ጨርሻለሁ። በዚህ መሃል የዘጠኝ ግንኙነት በዝናቡ ተቋርጦ ስለነበር እንደገና ጠራኋት። እሷ እስክትመጣ በመስኮቱ ጉሙን አየሁ። ምን ያህል እንዳየሁ አላውቅም። ዞር ስል ከፊቴ ጥቁር መስኮት አለ፤ ቀለሞቹን ገና አላስገባሁም፤ አራት ናት ብዬ የማቆሚያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ጥጉን አላነበብኩም። ከላይ የመጣችው ዘጠኝ ነበረች።

ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት የእኔን ዓይነቷን ነው።

አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ጥቁሩ ስልክ ጮኸ።

ያ ስልክ እኔ በተቀመጥኩበት ዘመን ጮኾ አያውቅም። አቧራውን በእጄ ጠርጌ አነሳሁት።

«ማዕከል? ዘጠኝ ጣቢያ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ፤ ቆፍጣና፣ የወጣት። «ፓምፑ ዝም ብሏል። ተረኛው ማነው?»

አባዬ ነበር።

«አባዬ? እኔ ነኝ። ልጅህ ነኝ።»

«ልጄ ትምህርት ቤት ናት» አለ። «ሥራ ላይ ነን፣ ቀልዱ ይቆየን። ተረኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ ተረኛዋ» አልኩ።

«እንግዲያው ይስሙኝ። ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንዳያስነሱት፤ ውሃው ቧንቧውን ይመታዋል። እኔ እዚህ እዘጋለሁ። አስነሱ ስልዎ ያስነሱ።»

ከጀርባው የዘጠኝ ዘበኛ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ያንሸራትታል» ሲል ይሰማኛል። የብረት ድምፅ። ሲተነፍስ። ከዚያ «ያስነሱ!» አለ፤ እኔም ጥጉን ሦስት ጊዜ አንብቤ ጻፍኩ። በስልኩ ውስጥ ማጓራቱ ቀስ እያለ ተነሳ። ሁለታችንም ሰማነው።

«ተነሳች» አለ። «መዝገቡ ላይ ይጻፉት። እንዳይደብቁ።»

ሮጬ ስደርስ ዘበኛው የራሱን ካፖርት አልብሶት በር ላይ ተቀምጠዋል። አባዬ የቤት ጫማውን አንድ እግር ብቻ ነው ያደረገው። ዝምታው ነው የቀሰቀሰው። ፓምፑ ሲቆም ግድግዳው ዝም አለ፤ እሱ ተነስቶ ዳገቱን በዝናብ ወጣ። እኔ በዚያ ሰዓት ቤት መሆን ነበረብኝ። ለወንድሜ ቤት ነኝ ብዬዋለሁ። ሁሉንም መሥራት እችል ነበር፤ አሥር ደቂቃ መራመድ ብቻ አቃተኝ።

ረቡዕ 26

ሁሉንም ጽፌ ለበቶሎ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው።

«ሁለት ሰዓት አተረፍሽ፣ አንድ ሰፈር አስጠማሽ» አለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ይገባኛል። ከበሩ ላይ ተመለሰና «ይሄን ነገር የግድ ከዚህ ወንበር ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕና ቁልፉ ካሉ ከየትም ይሆናል።»

«እንግዲያው የጠዋቱን ዙር ከቤትሽ ሆነሽ ሥሪው። አባትሽ ከኛ ማንቂያ ቀድመው ነው የሰሙት። አንድ ባንድ ግን! ባንዴ አሥራ አንድ መስኮት ሁለተኛ እንዳላይ።» ደግሞም «በቶሎ» አላለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ከእንግዲህ ዝናብ የለ፣ ጃንጥላ የለ፣ በቶሎ የለ።

እሑድ 30

ወንድም ጋሼ ገባ። የዳገቱን ነገር ልብስ ሰፊዋ ቀድማ ነግራዋለች።

«ዋሽተሽኛል» አለኝ።

«አዎ።»

«ፕሮግራሙ አልሠራም?»

«ሠርቷል። ከአሥራ ሰባት ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ነፃ ነበርኩ። አልመጣሁም።»

«ለምን?»

«ጠዋት ጠዋት አያውቀኝም» አልኩት። «ማነሽ ሲለኝ ያለውን ፊት ማየት አልቻልኩም። ፈራሁት። የገዛ አባቴን ፈራሁት።»

«እንደዚያ ከሆነማ ይብሳል» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም። «ነገ በአራት ሰዓቱ መኪና እንሄዳለን።» የአባዬን ሻንጣ አወረደ። ሸሚዞቹን ሲያጥፍ አየሁት፤ እናቴ ታጥፍ እንደነበረው፣ ክንዱን ወደ ኋላ። አልተከራከርኩም። በምን አፌ?

ሰኞ 1

ላፕቶፑን ይዤ አባዬ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱ ፋይል አንዷን ብቻ ይከፍታል፤ ቁጥሯ በትልቁ ተጽፎ፣ በራሷ ቀለም። አይቼ ስዘጋት ቀጣይዋ ትመጣለች። «ስታርት» የምትለዋን ቃል ከሁሉም መስመር አውጥቻታለሁ። ያ የመጀመሪያው ቀን ስህተቴ ነው እንግዲህ ትክክሉ።

አሁንም ጉም ነበር። ሦስት ቁጥር ላይ ስደርስ አባዬ ነቃ። ብርድ ልብሱን ሳበ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

ልጅህ ነኝ ልል ነበር። «የማዕከሉ ተረኛ ነኝ» አልኩት።

ፊቱ ተፈታ። ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። «በሉ እንጂ» አለ። «አንድ?»

ከመጀመሪያው ጀመርን። «ደህና አድራለች።»

«ሁለት?»

«ደህና አድራለች።»

በየቁጥሩ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ጭረት ያደርጋል። ዘጠኝ ላይ ስንደርስ መልሴን አልጠበቀም። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈና «ደህና አድራለች» አለ ራሱ። አሥር። አሥራ አንድ። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው አልፎ የመጨረሻው መስኮት ተዘጋ። ኮምፒውተሩን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ጣቱን አነሳ።

«ተረኛዋስ ደህና አደረች?»

ወሩን ሙሉ ለሰው ሁሉ መልስ ነበረኝ። ለወንድሜ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለበቶሎ፣ ለዚህም ደብተር።

«ደህና አላደርኩም» አልኩት።

አልደነገጠም። «እንግዲያው መዝገቡ አይዘጋም» አለና ብርድ ልብሱን ገፎ እግሮቹን አወረደ። በእግሩ ጣት አልጋው ሥር ይዳብስ ጀመር። «ጫማዬን ያቀብሉኝ። ሩቅ ነው?»

ወንድም ጋሼ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ሻንጣውን አስቀመጠ፣ ተንበረከከና ሁለቱንም ጫማ አደረገለት። ክራቸውን እስኪያስር ጊዜ ወሰደበት።

«ሩቅ አይደለም፣ አባዬ» አለው። «አብረን እንሄዳለን።»

ከአልጋው እስከ ወንበሬ ሁለት እርምጃ ነው። አባዬ በወንድሜ ክንድ ተደግፎ ሁለቱንም ተራመደ፤ ከፊቴ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ቧንቧ መገጣጠሚያ አጥብቆ አየኝ። ከዚያ መዳፉን ግንባሬ ላይ አደረገ። አለቀስኩ። እሱም እጁን አላነሳም።

አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። የአራት ሰዓቱ መኪና ሄዷል። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ይንቀጫቀጫል፤ ወንድሜ ሸሚዞቹን አንድ ባንድ ወደ ቁም ሣጥኑ እየመለሰ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ለበቶሎ ደውዬ እንደምዘገይ ነግሬው ነበር።

«ምን ተፈጠረ?» አለኝ።

«ሰው ሊያየኝ መጥቶ ነው» አልኩት።